ቁልፉ አሮጌው ዲስክ ውስጥ ነው፦ የተመሰጠሩ ፋይሎችን ሰርተፍኬት ከድሮ ክሎን ስለማውጣት

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ በፌስታል ጠቅልለው እኛ ቤት መጡ።

"ልጄ፣ ይሄን እስቲ እይልኝ። የጋሼህ ጽሑፍ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ግን አልከፈትም አለኝ።"

ጋሼ ባለቤታቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ነው ያሳለፉት። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቤተሰባቸውን ታሪክ ከየዘመዱ እየጠየቁ ይጽፉ ነበር።

ዲስኩን ሰካሁት። ፎልደሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የፋይሎቹ ስም ሳይቀር ይነበባል፦ "የአያቴ ወገን"፣ "የ1966 ማስታወሻ"፣ "ደብዳቤዎች"። አንዱን ልከፍት ስል ግን "አክሰስ ዲናይድ" አለኝ። ሁሉም ፋይል ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት አለች። እሷን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ትንሽም ደነገጥኩ።

"እትዬ፣ ጋሼ ይጽፉበት የነበረው ላፕቶፕ የት ነው?"

"እሱማ አስቸግሮ ነበር። የልጅ ልጄ ወስዶ ፎርማት አስደርጎ አሁን ይማርበታል።"

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚች ዓረፍተ ነገር ብዬ ነው። ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር መፍትሔያችን ፎርማት ነው። ብዙ ጊዜም ይሠራል። የተመሰጠረ ፋይል ላለው ሰው ግን ፎርማት ማለት ሳጥኑን አስቀምጦ ቁልፉን መጣል ነው።

ፋይሉ አለ፣ ቁልፉ የለም

ዊንዶውስ ውስጥ ፋይልን በተናጠል የሚመሰጥር አሠራር አለ። ኢኤፍኤስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣ ነው። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ትነኩና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ትላላችሁ። "ኢንክሪፕት ኮንተንትስ ቱ ሴኪዩር ዴታ" የምትል ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። አለቀ። በሆም እትሞች ላይ ሳጥኗ አትሠራም፤ በፕሮ ላይ ትሠራለች። የቢሮ ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ፕሮ ስለሆኑ ከቢሮ ልማዱን ይዘው የወጡ ሰዎች ቤትም ይጠቀሙበታል። ጋሼም እንደዚያ ናቸው።

አደጋው አሠራሩ ፀጥተኛ መሆኑ ላይ ነው። አንዴ ምልክት ካደረጋችሁ በኋላ፣ ቁልፉን ባክአፕ አድርጉ ከሚል፣ ሰው ከሚያልፈው ማሳሰቢያ በቀር፣ ምንም የሚጠይቃችሁ ነገር የለም። በራሳችሁ ስም ከገባችሁ ፋይሉ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ስለዚህ ሰው መመስጠሩን ይረሳዋል። ድሮ የፋይሉ ስም አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ጓጉንቸሯ መጣች። ከዚህ ሌላ ማስታወሻ የለም ማለት ይቻላል።

እስቲ የድሮ እናቶችን ሳጥን አስቡት። ትልቁ ሳጥን ይቆለፋል። የትልቁ ሳጥን ቁልፍ ትንሿ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የትንሿ ቁልፍ ደግሞ በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል። ኢኤፍኤስም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁልፍ አለው። ያ ቁልፍ በባለቤቱ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ዊንዶውስ ለተጠቃሚው በሚያዘጋጀው ዲጂታል መታወቂያ፣ ተመስጥሮ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይኖራል፤ ፋይሉ የትም ቢሄድ ይከተለዋል። እሱን የሚፈታው ግን ከሰርተፍኬቱ ጋር የተፈጠረው የግል ቁልፍ ነው። የግል ቁልፉ ከፋይሉ ጋር አይሄድም። አሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ፣ በተጠቃሚው "አፕዴታ" ፎልደር ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። እዚያም ሆኖ በተጠቃሚው ፓስወርድ ተቆልፏል። ነጠላዋ አሮጌው ዊንዶውስ ነው፤ ቋጠሮው ፓስወርዱ ነው።

ጋሼ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ ሲገለብጡ ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ አደረጃጀት የተዘጋጀ ነበር። ስለዚህ ፋይሎቹ እንደተመሰጠሩ ተሻገሩ። ተራ ፍላሽ ላይ ቢሆን፣ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት የሆነ፣ ምስጢሩ ተፈትቶ ነበር የሚገለበጠው፤ በዊንዶውስ 7 ላይ እነዚያ አደረጃጀቶች ኢኤፍኤስን አይሸከሙም ነበር። እሳቸው ባክአፕ አድርጌያለሁ ብለው ነው የሞቱት። አድርገዋልም። የቀረው ቁልፉ ነው።

"የፋይሉን ባለቤትነት ወደ ራስህ ስም አዙረው"፣ "በሊኑክስ ክፈተው" የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ያ ለተራ የፈቃድ ችግር ነው። እዚህ ፋይሉ ተከልክሎ ሳይሆን በእርግጥ ተመስጥሮ ነው ያለው። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 1 ወዲህ ነባሪው ምስጠራ ባለ 256 ቢት ኤኢኤስ ነው። እሱን በግምት የሚሰብር ፕሮግራም አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ክሎኑ ለምን ተስፋ ሆነ

እትዬን "ሌላ ዲስክ ቤት ውስጥ አለ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። በማግስቱ አንድ ካኪ ፖስታ ይዘው መጡ። ውስጡ ባለ 2.5 ኢንች የላፕቶፕ ዲስክ አለ። ፕላስተር ተለጥፎበት በጋሼ እጅ ጽሑፍ "ኮፒ፣ ጥቅምት 2009" ይላል። ጋሼ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ክሎን አድርገው አስቀምጠው ነበር። እንደዚያ ቀን በሰው እጅ ጽሑፍ ተደስቼ አላውቅም።

ክሎን ማለት ዶክዩመንቶችን ብቻ መገልበጥ አይደለም። ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ የተደበቁ ፎልደሮችን፣ መነሻውን ሁሉ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ማሻገር ነው። ስለዚህ የግል ቁልፉም፣ ያንን የሚቆልፈው ነገርም አብረው ይሻገራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ክሎኑ የ2009 ነው፣ ፋይሉ ግን የ2011 ነው፤ አይጠቅምም" ብለው ይተዉታል። ይጠቅማል! ሰርተፍኬቱ የሚፈጠረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይል ስትመሰጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱ እስካልተቀየረ ድረስ በዚያው ሰርተፍኬት ነው የሚቀጥለው። ዊንዶውስ ራሱ የሚፈጥረው የኢኤፍኤስ ሰርተፍኬት ዕድሜው 100 ዓመት ነው። ስለዚህ ክሎኑ ከመጀመሪያው ምስጠራ በኋላ፣ ከፎርማቱ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በኋላ የተጻፉትንም ይከፍታል። በመካከል ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከሆነ ግን ሌላ ሰርተፍኬት ተፈጥሯል ማለት ነው።

የሚፈለገውን ሰርተፍኬት ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የተቆለፈውን ፋይል ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፣ አድቫንስድ በሉ፣ "ዲቴይልስ" የምትለውን ተጫኑ። ፋይሉን መክፈት የሚችለው ሰው ስምና የሰርተፍኬቱ ተምፕሪንት ይወጣል። ተምፕሪንት የጣት አሻራ እንደማለት ነው፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት 40 ምልክት። በስልክ ፎቶ አንሱት። በኋላ ማመሳከሪያችሁ እሱ ነው።

ሳትቸኩሉ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን ያፈሰሱትን መልቀም አይቻልም፤ የቁልፉ ቅጂ ያለው አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክሎኑን ራሱን ክሎን አድርጉት። ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ዲስኩ ላይ ይጽፋል። አሮጌ ዲስክ ደግሞ የመጨረሻ መነሳቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ነፃ የሆነው ክሎንዚላ ለዚህ ይበቃል። ዲስኩ ቋ ቋ ማለት ከጀመረ ወይም ንባብ ካቃተው ዲዲሬስኪው የተባለው መሣሪያ ይሻላል፤ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣና በተበላሸው ቦታ ላይ በኋላ ይታገላል። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል። መብራት ሊሄድ ይችላልና ዩፒኤስ ያለው ቤት ሂዱ፤ ወይም ባትሪው ጤነኛ በሆነ ላፕቶፕ ሥሩ። ከየት ወደ የት እንደምትገለብጡ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ምንጭና መድረሻን አገላብጦ አሮጌውን ዲስክ በባዶ የጻፈበት ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ቅጂው ላይ ሥሩ። ዋናው ወደ ፖስታው ይመለስ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ዋናውንና ክሎኑን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብሮ አለመሰካት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት የዲስክ መለያ ቁጥር ይዘዋል። ዊንዶውስ ሁለት መንታ ሲያይ አንዱን ያግደዋል። እሺ ብላችሁ ኦንላይን ካደረጋችሁት መለያውን ይቀይርበታል፤ ያን ጊዜ ከዚያ ዲስክ መነሳት ሊያቅት ይችላል። አንድ ብቻ ይሰካ። የኮምፒውተሩንም የራሱን ዲስክ ንቀሉት።

ሦስተኛ፣ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። የጋሼ ክሎን ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለሱ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አቁሟል። የዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለዓመታት ያልታደሰ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ቁልፍ ለማውጣት ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ማስነሳት

የመጀመሪያው ጥያቄ "ለምን ማስነሳት አስፈለገ? ዲስኩን ሰክቶ ቁልፉን መገልበጥ አይቻልም?" የሚል ነው። የቁልፉን ፋይል መገልበጥ ይቻላል። ግን ተቆልፎ ነው የሚገለበጠው። የሚፈታው ያ ተጠቃሚ በዚያ ዊንዶውስ ላይ በፓስወርዱ ሲገባ ነው። ከውጭ ሆኖ የሚፈቱ መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ፓስወርዱን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለተራ ሰው ቀላሉ መንገድ አሮጌውን ቤት ከፍቶ እንደ ቤቱ ባለቤት መግባት ነው።

በዩኤስቢ ሰክታችሁ ለማስነሳት አትድከሙ። ተራ ዊንዶውስ ከዩኤስቢ እንዲነሳ ተደርጎ አልተጫነም። የላፕቶፕ ሳታ ዲስክ መሰኪያው ከዴስክቶፕ ጋር አንድ ስለሆነ ውስጥ ገብቶ ይሰካል። እኔ በዚያው ዘመን የተሠራ ዴስክቶፕ ነበረኝና እሱ ላይ ሰካሁት።

መጀመሪያ ጭራሽ አልተነሳም። ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የማስነሻ ስልት ላይ ነበር፤ የድሮው ዲስክ ደግሞ ሌጋሲ በሚባለው በአሮጌው ስልት የተጫነ ነው። ቀየርኩት። የዊንዶውስ ምልክት ብቅ አለና ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ ኮዱ በ7ቢ የሚያልቅ። ይህ ኮድ ዊንዶውሱ መነሻ ዲስኩን ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው። ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ባዮስ ውስጥ የሳታ አሠራር የምትባል ምርጫ አለች። የእኔ አይዲኢ ላይ ነበረች፤ የጋሼ ላፕቶፕ ኤኤችሲአይ ነበር። እሷን ቀየርኩ፣ ተነሳ።

ወዲያው ዲስኩን ልፈትሽ የሚል ጽሑፍ መጣ፤ የሚቆጥር ሰዓት አለው። ማንኛውንም ቁልፍ ነክታችሁ እለፉት። ፍተሻው ለመጠገን ብሎ የሚያነካካው ነገር ቁልፉ ያለበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን በሙሉ የሚመሰጥረው የዊንዶውስ አሠራር፣ ኖሮበት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ስለተቀየረ ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁጥር ይጠይቃል። ያ ቁጥር ከሌለ ወደ ቀሪው መግባት አይቻልም።

ፓስወርዱ

የጋሼ ስም ያለበት መግቢያ ላይ ደረስን። እትዬ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋሼ ሁሌ ይጠቀሙበት የነበረውን ፓስወርድ ነገሩኝ። አልሠራም። ለካ እሱ በኋላ የቀየሩት ነው። ክሎን የሚያውቀው ክሎን በተደረገበት ቀን የነበረውን ፓስወርድ ብቻ ነው።

ዊንዶውስ 7 ፓስወርድ ስትስቱ ማስታወሻ ቃል ያሳያል። ከሥር "ፈረስ" የሚል ቃል በላቲን ፊደል ብቅ አለ።

እትዬ ዝም አሉ። ቆይተው "የአባቱ የፈረስ ስም ነው" አሉኝ።

አንዴ "አባ" ላይ አንድ ቢ፣ አንዴ ሁለት ቢ እያደረግን ሞከርን። በአራተኛው ገባ። ዴስክቶፑ ላይ የጋሼና የእትዬ የሠርግ ፎቶ ነበር። ሥራ አቆምን፣ ቡና ተፈላ።

ፓስወርዱ ባይገኝስ? ይህን አስረግጬ ልናገር። ብዙ ጥገና ቤት ፓስወርድ የሚያጠፋ ፍላሽ አለው። በአንድ ደቂቃ ፓስወርዱን ባዶ ያደርገዋል፤ ዴስክቶፑም ይከፈታል። የተመሰጠሩት ፋይሎች ግን አይከፈቱም። ቁልፉ የተቆለፈው በድሮው ፓስወርድ ነው፤ ፓስወርዱ ከውጭ ሲጠፋ ቁልፉን ማንም አልነገረውም። እናንተ ራሳችሁ ድሮውን አስገብታችሁ በአዲስ ስትቀይሩ ዊንዶውስ ቁልፉንም አብሮ ያድሰዋል። ሌላ ሰው ሲያጠፋው አያድስም። ይህ ስህተት አስቀድሞ ተሠርቶ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። የድሮው ፓስወርድ ትዝ ሲላችሁ መልሳችሁ እሱኑ ካደረጋችሁት ቁልፉ ይከፈታል። ፓስወርዱ ፈጽሞ ካልታወቀ ግን እውነቱን ለባለጉዳዩ መንገር ነው። እየደጋገሙ ገንዘብ ማስወጣት ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው።

ቁልፉን ማውጣት

ከገባችሁ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ዩዘር አካውንትስ ክፈቱ። በግራ በኩል "ማኔጅ ዩር ፋይል ኢንክሪፕሽን ሰርተፍኬትስ" የሚል አለ። ሰርተፍኬቱን ያሳያችኋል፤ ተምፕሪንቱን ፎቶ ካነሳችሁት ጋር አመሳክሩ። በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ "ማኔጅ ዩዘር ሰርተፍኬትስ" ብላችሁ መፈለግም ትችላላችሁ። እዚያ ፐርሰናል የሚለው ሥር ዓላማው "ኢንክሪፕቲንግ ፋይል ሲስተም" የሆነውን ታገኙታላችሁ። ከአንድ በላይ ካለ ሁሉንም አውጡ፤ ክፋት የለውም።

ኤክስፖርት ስትሉ "የግል ቁልፉም አብሮ ይውጣ?" ብሎ ይጠይቃል። አዎ በሉ። ይህችን ካለፋችሁ ባዶ ሰርተፍኬት ብቻ ነው የምታወጡት። ሰርተፍኬቱ ብቻውን መቆለፍ እንጂ መክፈት አይችልም። የሚወጣው ፋይል ፒኤፍኤክስ ይባላል። አዲስ ፓስወርድ ትሰጡታላችሁ፤ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፋይሉ በጣም ትንሽ ነው። የጋሼ የዓመታት ጽሑፍ በዚያች ትንሽ ፋይል ነው የተንጠለጠለው።

"የግል ቁልፍ ይውጣ" የምትለው ምርጫ ደብዝዛ የማትነካ ከሆነ፣ ሌላ መንገድ አለ። የተቆለፉት ፋይሎች ያሉበትን የውጭ ዲስክ እዚያው አሮጌው ዊንዶውስ ላይ ሰክታችሁ ክፈቷቸው። ከተከፈቱ ኤክስፋት ወደሆነ ፍላሽ ገልብጧቸው። በዊንዶውስ 7 ላይ ምስጢሩ ተፈትቶ ይገለበጣል፤ በኋለኞቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ ግን ተመስጥሮ ሊቀር ስለሚችል መጀመሪያ የምስጠራ ሳጥኗን ምልክት አጥፉ።

ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ስትመለሱ ፒኤፍኤክሱን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጉና ፓስወርዱን ስጡት። ወደፊት መልሶ ማውጣት እንዲቻል የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። የተጠቃሚው ስም የግድ አንድ ዓይነት መሆን አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩም የግድ ያው መሆን አያስፈልገውም። ከዚያ ፋይሎቹ እንደ ወትሮው ይከፈታሉ። እኔ ለእትዬ ምስጠራውን ጨርሶ አነሳሁላቸው፤ ያችኑ ሳጥን ምልክቷን ማጥፋት ነው። የቤተሰብ ታሪክ ልጆቹ ሊያነቡት የተጻፈ ነው። ምስጠራው ይቆይልኝ የሚል ሰው ፒኤፍኤክሱን ሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጥ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ መተው ግን ወደ መጀመሪያው ችግር መመለስ ነው።

"የአያቴ ወገን" የሚለውን መጀመሪያ ከፈትን። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ሲጨርሱ መሽቶ ነበር።

ሦስት ፋይሎች ግን እምቢ ብለዋል። ተምፕሪንታቸውን ሳየው ሌላ ነው፤ ጋሼ ከዚያ በፊት በነበረ ኮምፒውተር ላይ የመሰጠሯቸው ናቸው። ለእትዬ ነገርኳቸው። አሁን ቁም ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች እየበረበሩ ነው፤ ሌላ ካኪ ፖስታ ካለ።